ነገ የሚደርሰውን ልጅ ዛሬ መለየት፦ ለድሬዳዋ የታዳጊ አሰልጣኞች የምዘና መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ ኳስ የሚችል ልጅ ፈልጎ ማጣት ይከብዳል። የደቻቱ ደረቅ አሸዋ፣ የመጋላ ጠባብ መንገዶች፣ የሳቢያን ክፍት ቦታዎች ፀሐይዋ በረድ ስትል ሜዳ ይሆናሉ። ለብሔራዊ ቡድኑም ከተማዋ ባዕድ አይደለችም። በሰፊው ኮተን ተብሎ የሚታወቀው የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮናን ደጋግሞ አንሥቷል። ጥር 1954 ዓ.ም. ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም ለኮተን የተጫወተ ነው። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታስተናግድ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን የተመደቡበት ምድብ የተጫወተው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ስለዚህ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኝ፣ የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር ወይም የክለብ መልማይ ከሆኑ የእርስዎ ጭንቀት ችሎታ የት ይገኛል የሚል አይደለም። ከፊትዎ ከተሰለፉት ልጆች መካከል ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ የትኞቹ ለተስፋ ቡድን፣ ለዋናው ቡድን፣ አልፎም ለዋልያዎቹ ይደርሳሉ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፦ ታዳጊን ስንመዝን ብዙውን ጊዜ የምንለካው ችሎታውን ሳይሆን ቀድሞ ማደጉን ነው። ይህን ስህተት ደግሞ የሚያርመው የተሻለ ዓይን ሳይሆን የተሻለ አሠራር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሰባት እርምጃዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ ደብተር፣ ሜትር፣ ጥቂት ኳስና ትዕግሥት ይበቃሉ።

1. ከኳሱ በፊት ዕድሜውን ያጥሩ

ዓለም አቀፉ የዕድሜ መቁረጫ በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ነው። በእኛ ቆጠራ ታኅሣሥ 23 ላይ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ ምዘና ያበላሻል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅና ጥር 5 ቀን 2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእኛ ዘንድ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ልዩነታቸው 25 ቀን ብቻ ነው። በውድድር መዝገብ ግን የመጀመሪያው የ2012 እ.ኤ.አ. ልጅ ሆኖ ከምድቡ ታናናሾች አንዱ ሲሆን፣ ሁለተኛው የ2013 እ.ኤ.አ. ልጅ ሆኖ ከምድቡ ታላላቆች አንዱ ይሆናል። በምድቡ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች በተመራጮች መካከል ከድርሻቸው በላይ እንደሚበዙ በካናዳ የበረዶ ሆኪ ላይ በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ካሳየ ወዲህ፣ በብዙ አገሮች እግር ኳስም ያው ውጤት ተደጋግሞ ታይቷል። ችሎታ በወር ስለማይከፋፈል፣ መብዛታቸው የመራጮቹን አድልዎ እንጂ የልጆቹን ተሰጥኦ አያሳይም። ስለዚህ በስም ዝርዝርዎ ላይ ከእያንዳንዱ ልጅ ስም አጠገብ የተወለደበትን ወር በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ምርጫው ሲያልቅ የተመረጡትን በልደት ወራቸው ይቁጠሩ። ከጥር እስከ መጋቢት የተወለዱት ግማሹን ይዘው ካገኟቸው ምርጫዎን እንደገና ይዩት።

የተመዘገበው ዕድሜ እውነት ካልሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት ከንቱ ነው። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የወንዶች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ እያስነሣ ይመረምራል፤ አንድ ፕሮጀክት ግን ይህን ሊያደርግ አይችልም። ማድረግ የሚቻለው የልደት ካርዱን፣ የክትባት ካርዱንና የአንደኛ ክፍል ምዝገባውን ማስተያየት ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ጠቃሚ የሚሆኑት ማንም ስለ ኳስ ባላሰበበት ጊዜ የተጻፉ በመሆናቸው ነው። «ድሃ ቤተሰብ ሰነድ ከየት ያመጣል? ይህ ልጁን ማባረር ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው ልክ የሚሆነው ማጣራቱ ለቅጣት ከዋለ ብቻ ነው። ዓላማው ልጁን ከእኩዮቹ ጋር ማሰለፍ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ከ13 ዓመት ልጆች ጋር ሲጫወት ጎል ማግባቱ ስለ እርሱ ምንም አይነግረንም። ቦታውን የወሰደበትን የ13 ዓመት ልጅ ግን ይጎዳል፤ እርሱንም ቢሆን አቻ ሲገጥመው የሚያስፈልገውን ብልሃት ሳይማር ያስቀረዋል።

2. እድገቱን ይለኩ

እውነተኛ ዕድሜ ቢታወቅም ነገሩ አያልቅም። ወንዶች ልጆች በፍጥነት የሚመዘዙት በአማካይ በ14 ዓመት ገደማ ሲሆን ሴቶች ግን ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ፤ በአንድ ዓመት በተወለዱ ልጆች መካከልም የሰውነት ብስለታቸው በሦስትና በአራት ዓመት ሊራራቅ ይችላል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ቁመታቸውን በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሜትር ይለኩ፤ ከተቻለ ተቀምጠው ሳሉም ይለኩ። የወላጆችን ቁመት መጠየቅም ይጠቅማል። እነዚህ ቁጥሮች ማንን እንደሚመርጡ አይነግሩዎትም። የሚያዩትን እንዴት እንደሚተረጉሙት ግን ይነግሩዎታል። በሦስት ወር ውስጥ በድንገት የተመዘዘ ልጅ ኳስ መቆጣጠሩ ሊበላሽ፣ ጉልበቱን ሊያመው፣ ሩጫው ሊዝረከረክ ይችላል፤ ይህ የሚያልፍ ነው። በዚያ ወቅት «ወረደ» ብሎ መጣል የልጁን እግር መርዘም እንደ ስንፍና መቁጠር ነው። በተቃራኒው በ13 ዓመቱ ጢም ያወጣው ግዙፍ አጥቂ ተከላካዮችን እየገፋ ሲያልፍ፣ ሌሎቹ ከደረሱበት በኋላ በእጁ የሚቀረው ምን እንደሆነ ይጠይቁ።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ሁሉ ለዚህ ምስክር አያጣም። ጄሚ ቫርዲ በ16 ዓመቱ ከሼፊልድ ዌንስዴይ የተሰናበተው ትንሽ ነው ተብሎ ነበር። 1 ሜትር ከ68 የሆነው ንጎሎ ካንቴም በልጅነቱ ትልልቆቹ ክለቦች ያለፉት ተጫዋች ነው። ሁለቱም በ2016 እ.ኤ.አ. ከሌስተር ጋር ሻምፒዮን ሆኑ። «እነዚህ ልዩ ሰዎች ናቸው፤ በእነርሱ ሕግ አይወጣም» ቢባል እውነት ነው፤ ከተጣሉት ልጆች አብዛኞቹ ቫርዲ አይሆኑም። ነጥቡ ግን ሌላ ነው፦ በቁመት ምክንያት የተጣለ ልጅ ስንት እንደሆነ ማንም አይቆጥርም፤ በስም የምናውቃቸው በራሳቸው ጥረት የተመለሱትን ብቻ ነው። ቤልጅየም ይህን ተረድታ ዘግይተው ለሚያድጉ ልጆች ለብቻው ብሔራዊ ቡድን አደራጅታለች። ድሬዳዋ ሌላ ቡድን ማቋቋም ባትችል እንኳን፣ በወር አንድ ቀን ልጆቹን በዕድሜ ሳይሆን በቁመትና በክብደት ከፋፍሎ ማጫወት ለማንም አሰልጣኝ ይቻላል። በዚያ ቀን ማን እንደሚደምቅ፣ ማንስ እንደሚጠፋ ይጻፉ።

3. ሰዓቱንና ሁኔታውን ያመሳስሉ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ጠዋት በ1 ሰዓት የተመዘነ ቡድንና ቀትር 7 ሰዓት ላይ የተመዘነ ቡድን አንድ ፈተና አልተፈተኑም። ሙከራ የሚደረገው ወይ በማለዳ ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ሰዓቱም ለሁሉም አንድ ይሁን። በረመዳን ወር ጾመኛ ልጅን ከሰዓት በኋላ በሩጫ መመዘን፣ በዐቢይ ጾምም ሳይበላ የመጣን ልጅ ከበላ ጋር ማወዳደር ፍትሕ የጎደለው ብቻ አይደለም፤ የሚገኘውም ውጤት ሐሰት ነው። ትልልቅ ምርጫዎችን ከእነዚህ ወቅቶች ውጭ ያድርጉ። ከ2300 ሜትር በላይ ወደሆነችው አዲስ አበባ ለሙከራ የሚሄድ የድሬዳዋ ልጅም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም፤ ለሚቀበለው አሰልጣኝ ይህን ቀድመው ይንገሩት። ጫማም ያው ነው። በሸራ ጫማ በአቧራ ሜዳ ያደገ ልጅ ታኬታ ተውሶ ሣር ላይ ሲንሸራተት ቢያዩት፣ ሜዳውን እስኪለምድ ይጠብቁት።

4. ትንንሽ ጨዋታ ያጫውቱ፤ ጓደኞቻቸውንም ይቀያይሩ

11 ለ 11 በሚደረግ የሙከራ ጨዋታ አንድ ልጅ ኳስ የሚነካው ጥቂት ጊዜ ነው። የመስመር ተጫዋች ከሆነና አማካዩ ካላየው ደግሞ ጭራሽ ላይነካ ይችላል። በዚህ ላይ ውሳኔ መስጠት ዕጣ እንደ መጣል ነው። የተሻለው መንገድ ይህ ነው፦ 16 ልጆችን በአራት በአራት ከፍለው በሁለት ትንንሽ ሜዳ ያጫውቱ። እያንዳንዱ ጨዋታ አምስት ደቂቃ ይሁን። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቡድኖቹን በትነው በአዲስ ስብጥር ያደራጁ። ላሸነፈ ቡድን አባላት ሁሉ 3፣ እኩል ለወጣ 1 ነጥብ በየልጁ ስም ይመዝግቡ። ከስድስት ወይም ከስምንት ዙር በኋላ አንድ አስገራሚ ነገር ሊያዩ ይችላሉ፦ አብዶ የማያሳይ፣ ጎልም የማያገባ ልጅ ከማንም ጋር ቢሰለፍ ቡድኑ የሚያሸንፍ ሆኖ ይገኛል። ዓይን የሚስተውን፣ ቦታ የሚዘጋውንና ኳስ በጊዜ የሚለቀውን ልጅ ይህ ሰንጠረዥ ያወጣዋል። ነጥቡ ብቻውን አይፈርድም፤ ስድስት ዙር ለዕድልም ቦታ ይተዋል። የነጥቡ ድምርና የእርስዎ ግምት ሲራራቁ ግን ልጁን እንደገና ማየት ግዴታ ይሁን።

5. ከእግሩ በፊት አንገቱን፣ ከኳሱ በኋላ ሩጫውን ይዩ

ምን እንደሚፈልጉ ሳይወስኑ ከተቀመጡ ዓይንዎ የሚሄደው ኳሱ ወዳለበት ነው። ስለዚህ ለአሥር ደቂቃ አንድ ልጅ ብቻ ይዩ፤ ኳሱን ይርሱት። መጀመሪያ የሚቆጥሩት ኳስ ከመድረሱ በፊት ስንት ጊዜ ዞር ብሎ አካባቢውን እንዳየ ነው። የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት የፕሪሚየር ሊግ አማካዮችን በዚህ መንገድ አጥንቶ፣ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ደጋግመው የሚቃኙት ተጫዋቾች ቅብብላቸው የተሻለ እንደሚሳካ አሳይቷል። ይህ ቁመትም ጉልበትም አይጠይቅም፤ ዘግይቶ የሚያድገውን ልጅ በእኩል ደረጃ የምናይበት መስኮት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ቀጥሎ የመጀመሪያ ንክኪው ኳሱን ወደ ክፍት ቦታ ያወጣዋል ወይስ እግሩ ሥር ይገድለዋል የሚለውን ይመዝግቡ፤ በሁለቱም እግሩ ይሞክራል ወይ የሚለውን ይጨምሩ። ከዚያ ኳስ ሲቀማ በሚቀጥሉት አምስት ሰከንዶች ምን እንዳደረገ ይጻፉ፦ ተመለሰ? ቆመ? እጁን ዘረጋ? በመጨረሻ ቡድኑ ሲመራና ሲመራበት ጨዋታው ይለወጥ እንደሆነ ያነጻጽሩ። ለበረኛ መለኪያው ሌላ ነው፤ ኳስ ከማዳኑ በላይ የሚቆምበትን ቦታ፣ ከተከላካዮቹ ጋር መነጋገሩንና ጎል ከገባበት በኋላ ያለውን ሁኔታ ይዩ። ሴት ልጆችን ሲመዝኑ ደግሞ አብዛኞቹ ሜዳ ያገኙት ከወንዶቹ ዘግይተው መሆኑን አይርሱ፤ ሁለት ዓመት የተለማመደችን ስድስት ዓመት ከተለማመደ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ልምምድን እንጂ ተሰጥኦን መለካት አይደለም።

6. አስተምረው ይመዝኑ

ዛሬ የሚችለውን ማየት የመመዘኛው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የመማር ፍጥነቱ ነው፤ ለነገ የሚያደርሰውም ይህ ነው። ልጆቹ ከዚህ በፊት ያልሠሩትን አንድ ነገር ይምረጡ፤ ለምሳሌ ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ኳስ የተቀበለ ልጅ በአንድ ንክኪ ዞሮ የሚወጣበትን መንገድ። በመጀመሪያው ቀን ያሳዩ፣ ውጤቱን ይጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ ሳያስታውሱ በጨዋታ መካከል ይመልከቱ። ሳይነገረው የተጠቀመበት ልጅ፣ በመጀመሪያው ቀን ደካማ ቢሆንም እንኳን፣ ትልቅ ምልክት ሰጥቶዎታል። እዚህ ላይ ድሬዳዋ የራሷ ጥንቃቄ አላት። ከተማዋ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በአንድ ሜዳ የሚነገሩባት ናት። መመሪያውን በአንድ ቋንቋ ብቻ ሰጥተው «ይህ ልጅ አይገባውም» ካሉ፣ የመዘኑት ቋንቋውን ሊሆን ይችላል። በቃል ከመናገር በተግባር አሳይተው ይጀምሩ፤ ሦስቱንም የሚናገር ረዳት ወይም ታላቅ ተጫዋች አጠገብዎ ይኑር።

7. ለየብቻ ይጻፉ፤ የተመለሱትንም ይከተሉ

ቢያንስ ሁለት መዛኞች ይኑሩ፤ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ይጻፉ፣ ከዚያ በኋላ ያነጻጽሩ። አስቀድመው ከተነጋገሩ ታላቁ የተናገረውን ታናሹ ይደግመዋል፤ ያኔ ሁለት ፊርማ እንጂ ሁለት ምስክር የለም። አንድን ልጅ በትንሹ በአራት የተለያዩ ቀናት ሳያዩ አይወስኑ። «ልምድ ያለው አሰልጣኝ በአንድ እይታ ያውቃል» የሚለው ክርክር በጣም የተለመደ ስለሆነ ሊመለስለት ይገባል። ለማነጻጸር፣ እያንዳንዱ ኳስ በቁጥር ወደሚመዘገብበት ወደ ክሪኬት እንሂድ። አውስትራሊያዊው ዶን ብራድማን በ1928 እ.ኤ.አ. ለብሔራዊ ቡድኑ በተጫወተበት የመጀመሪያ ግጥሚያ በሁለት ተራው 18 እና 1 ነጥብ ብቻ አስቆጥሮ ለቀጣዩ ግጥሚያ ከአሰላለፍ ወጣ። በሦስተኛው ተመልሶ 79 እና 112 አስቆጠረ፤ ሥራውን ሲጨርስ የደረሰበትን 99.94 አማካይ ነጥብ እስከ ዛሬ የቀረበው የለም። መራጮቹ ዓይን አላጡም ነበር፤ ያጡት በቂ ማስረጃ ነው። ቁጥር በሞላበት ክሪኬት አንድ ግጥሚያ ይህን ያህል ካሳተ፣ ጎል ብርቅ በሆነበት እግር ኳስ አንድ ከሰዓት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የልምድን ዋጋ የምንክድ አይደለንም። ልምድ ግን የሚያድገው ግምታችን ልክ ይሁን ስህተት መልሶ ሲነገረን ብቻ ነው። መራጭ ደግሞ ወሬያቸው የሚደርሰው የመረጣቸው ልጆች ብቻ ናቸው፤ የመለሳቸው የት እንደደረሱ ስለማያውቅ ስህተቱ ዘላለም ተደብቆ ይኖራል።

ስለዚህ ደብተሩ ላይ የተመረጡትም የተመለሱትም ይኑሩ። ለእያንዳንዳቸው ቀኑን፣ የልደት ወሩን፣ ቁመቱን፣ የታየበትን ሁኔታ፣ ሁለቱን ግምቶችና ምክንያታቸውን ይጻፉ። «ጎበዝ ነው» ወይም «አይሆንም» የሚሉ ቃላት ከዓመት በኋላ አይመረመሩም። «ጫና ሲበዛበት ኳሱን ወደ ኋላ ብቻ ይመልሳል» የሚል ማስታወሻ ግን ሊረጋገጥ ይችላል። በየስድስት ወሩ የተመለሱትን ለአንድ ቀን መልሰው ይጥሩ፤ ደብተሩንም ከፊት ለፊት ዘርግተው ይፍረዱ፣ በልጆቹ ሳይሆን በራስዎ ግምት ላይ። መዝገብ መያዝ የቢሮ ሥራ ብቻ ነው የሚል ካለ በ2005 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ፦ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ያሸነፍነው ቡድን፣ በቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች አሰልፎ በመገኘቱ ሦስት ነጥብ ተቀምቷል። በሜዳ የተገኘ ድል በወረቀት ሲጠፋ አገር ሁሉ አይቷል። በታዳጊ ደረጃ በወረቀት ጉድለት የሚጠፋው ልጅ ስለሆነ ማንም አያይም፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። አንደኛው «የ1954ቱ ጀግኖች በሰንጠረዥና በሜትር አልተመረጡም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ያደጉ ሰዎች ነበሩ። በየሳምንቱ በሊግና በሻምፒዮና እየተጫወቱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዓታት ታይተዋል። የዚያ ቡድን አጥቂ መንግሥቱ ወርቁም ሆነ አምበሉ ሉቺያኖ በአንድ ቀን ሙከራ አልተገኙም። ተደጋጋሚ እይታ የሰጣቸውን ዕድል ነው ለታዳጊው ደብተሩ የሚሰጠው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ተግባራዊ ነው፦ «እኔ የምመዘነው በዚህ ዓመት ዋንጫ ነው፤ ዘግይቶ የሚያድገውን ልጅ ካሰለፍኩ እሸነፋለሁ፤ ከተሸነፍኩ ሜዳውንም ልጆቹንም አጣለሁ» የሚለው። ይህ የአሰልጣኙ ስንፍና ሳይሆን የአሠሪዎቹ መለኪያ ችግር ነው፤ በመመሪያ ብቻም አይፈታም። ክለቡ፣ ትምህርት ቤቱና የከተማው ስፖርት ኃላፊዎች የታዳጊ አሰልጣኝን የሚመዝኑበትን ነገር መለወጥ አለባቸው፦ ዘንድሮ ስንት ዋንጫ አመጣ ሳይሆን፣ ከአራት ዓመት በፊት ከያዛቸው ልጆች ስንቱ ዛሬም ይጫወታሉ፣ ስንቱስ ወደ ላይኛው ቡድን አልፈዋል ተብሎ ይጠየቅ። ያ እስኪሆን ድረስ በእርስዎ እጅ ያለው ግማሽ መንገድ አለ፦ በእያንዳንዱ የታዳጊ ጨዋታ ሁለት ቦታ ለታናናሾቹና ዘግይተው ለሚያድጉት ይያዝ፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ግማሽ ጨዋታ ይሰለፉ። ለወላጆችም «አልተመረጠም» አይበሏቸው፤ «በስድስት ወር ውስጥ ደግመን እናየዋለን፤ እስከዚያ ይህን ይለማመድ» ብለው ቀኑን ጽፈው ይስጧቸው። ቀኑ ሲደርስም ልጁን ይጥሩት።